በዓል ጠብቆ የሚሸናው ውሻ

የመጀመሪያው ቀን እንቁጣጣሽ ነበር። ቤታችን ቄጠማ ተነጥፎበት፣ ድፎ ዳቦው በመሶብ ቀርቦ፣ የእናቴ የነፍስ አባት ሳሎኑ መሀል ቆመው «አቡነ ዘበሰማያት» ብለው ጀምረዋል። እኛ አንገታችንን ደፍተን ቆመናል። ውሻው ከኮሪደሩ ወጣ። ማንንም አልተጋፋም፣ አልጮኸም፤ ዞር ዞር ብሎ ቦታ መረጠና ቡፌው ሥር እግሩን አንስቶ ለቀቀው። ያውም ተረጋግቶ! አጣድፎት አምልጦት ቢሆን እሺ ይባላል። እሱ ግን ዓይኑን ጨፈን አድርጎ እስኪጨርስ ቆየ፣ በኋላ በእግሮቹ ወለሉን ጫር ጫር አደረገና ወደ ኮሪደሩ ተመለሰ። ቄሱ ጸሎታቸውን አላቋረጡም፤ ድምፃቸውን ብቻ ከፍ አደረጉ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ታላቅ እህቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

እናቴ እስከ «አሜን» ድረስ ቻለችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ተዉት።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። አባቴ በዚያን ጊዜ ከሥራ የተሰናበተ ሰው ነው። መንግሥት በተለወጠ ማግስት፣ ዕድሜውን ሙሉ ያገለገለበት መሥሪያ ቤት መዋቅር ሲያጥፍ ሲዘረጋ ቆይቶ፣ ገና ጉልበቱ ሳይደክም በጡረታ ሸኘው። በሽኝቱ ላይ የግድግዳ ሰዓት ሰጡት። ሰዓቱን ሳሎን ሰቀልነውና እሱ ሥሩ ተቀመጠ። መስኮቱ አጠገብ ባለች ወንበር ላይ፣ ፒጃማውን እንደለበሰ፣ ሬዲዮውን ከፍቶ፣ ይስማው አይስማው እንጃ። እህል አይበላ፣ ሰው አያዋራ። «አባዬ፣ ወጣ ብለህ እግርህን አፍታታ እንጂ» ስለው «በሥራ ሰዓት?» ይለኛል። «ሰው መንገድ ላይ ቢያየኝ ምን ይላል? ይሄ ሰውዬ ሥራ የለውም እንዴ አይልም?» እውነት ነው፣ የለውም። ግን ይህን ማን ደፍሮ ይነግረዋል!

እናቴ ደግሞ ጭንቀቷን የምታወጣው በመጥረጊያ ነው። ወንበሩ ሥር ቆሻሻ ኖረም አልኖረም፣ በቀን ደጋግማ ትመጣና «እግርህን አንሳ» ትለዋለች። ያነሳል። ትጠርጋለች። «አውርድ።» ያወርዳል። የሁለቱ ጨዋታ ይኸው ሆነ። እኔ ያኔ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ፍለጋ የምዞርበት ጊዜ ስለነበር ይህንን ትርኢት ከጠዋት እስከ ማታ የማየት ዕድል ነበረኝ። አንጀቴን ይበላው ነበር፤ ሳልዋሽ፣ ያናድደኝም ነበር።

ቤታችን ከቦሌ መድኃኔዓለም ወደ ገርጂ በሚወስደው በኩል ነው። ያኔ ዛሬ እንደምታዩት ፎቅ በፎቅ አልነበረም፤ ቪላዎቹ ያልቁና ሜዳ ይጀምራል። ዛሬ ቀለበት መንገዱ የሚያልፍበት፣ ኢምፔሪያል ተብሎ ሚኒባሶች የሚጯጯሁበት ቦታ፣ በጎች የሚግጡበት ነበር። ከጎናችን ያለውን ቪላ የተከራየች አንዲት ፈረንጅ ነበረች፤ ከአባቴ ጋር በአጥር ላይ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። የሥራ ውሏ አልቆ ወደ አገሯ ልትመለስ ስትል ውሻዋን ይዛ መሄድ አልቻለችም። አንድ ቀን በራችን ተንኳኳ። ውሻውን በገመድ ይዛ፣ ሳህኑን በብብቷ ሸጉጣ፣ ዓይኗ ቀልቶ ቆማለች።

«እሱ በጣም ጨዋ» አለችው አባቴን በተሰባበረ አማርኛዋ። «ሽንት፣ ሣር ላይ ብቻ። ሌላ ቦታ የለም። ሕፃን ሆኖ አስተማርኩት።»

አባቴ ገመዱን ሲቀበል አየሁት። ፒጃማ ለብሶ፣ ፈረንጅ ፊት ቆሞ፣ እንደ ሹመት ደብዳቤ በሁለት እጁ ነው የተቀበለው።

ውሻው ትልቅ፣ ቡናማ፣ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ በዕድሜም ጎርመስ ያለ ነበር። ስሙን ፈረንጇ ሦስቴ ደጋግማ ብትነግረንም ከመሀላችን አፉን ያቀናለት አልነበረም። እናቴ «ያ ሰውዬ አሁንም እዚሁ ነው?» ብላ ስትጠይቅ ስሙ «ሰውዬው» ሆኖ ቀረ።

እሷ እንደ ማንኛውም ሰው ውሻ የግቢ ነው ብላ ታምናለች። ግቢያችን ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃ ወደ ቤቷ ስለሚገባ ቆሽቷ ሲያርር ኖሮ አባቴን ነዝንዛ ያስደረገችው። ሰውዬው ሲሚንቶ ላይ ታስሮ ማደር አልፈለገም። ለቅሶውን ለቀቀው። ለቅሶ ስላችሁ እየዬ ነው፣ አስለቃሽ የተከራየን ነበር የሚመስለው። ሠፈሩ ተንጫጫ፣ አባቴም አዝኖ ኮሪደር ላይ ጆንያ አነጠፈለት። «ውሻ ቤት ውስጥ! በስማም! የነፍስ አባቴ ምን ይሉኛል?» አለች እናቴ። «ኮሪደር እኮ ነው፣ ቤት አይባልም» አላት። ሰውዬው ጆንያው ላይ ተጠቅልሎ ጸጥ አለ፤ እሷም እያጉረመረመች ተወችው።

ከዚያ በኋላ ነው ተአምሩ የመጣው። በማግስቱ ጠዋት፣ ያ ከሥራ የተሰጠው ሰዓት ድሮ ወደ ቢሮ የሚወጣበት ላይ ሲደርስ፣ አባቴ ከመኝታ ቤቱ ወጣ። ሱፍ ለብሷል። ክራቫት አስሯል። ጫማው ተወልውሏል። «ወዴት ነው?» አለች እናቴ።

«ይሄ ፍጡር ሣር ካላገኘ አይሸናም ተብሏል፤ ላውጣው እንጂ። እንዲፈነዳ ትፈልጊያለሽ?»

ሥራ አገኘ! በሥራ ሰዓት መንገድ ላይ የሚታይበት ምክንያት አገኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትም ማታም ከክራቫቱ ጋር ሰውዬውን ይዞ ወደ ሜዳው ይወርዳል። ውሻ በገመድ ይዞ የሚሄድ ባለ ሱፍ ሽማግሌ ሠፈራችን አይቶ አያውቅም፤ አንዳንዱ ቆሞ ያየዋል፣ አንዳንዱ «ጋሼ፣ ማን ማንን ነው የሚወስደው?» ብሎ ይተርበዋል። አባቴ ቅር አይለውም። ተመልሶ ሲመጣ ርቦት ይመጣል፣ ወሬ ይዞ ይመጣል። የትኛው ቤት ፎቅ ሊቀጥል ድንጋይ እንዳራገፈ፣ ማን ሱቅ እንደከፈተ፣ የትኛው ውይይት ታክሲ ገደል እንደገባ፣ ምሳ ላይ ለብቻው ይተርካል። ለመጣው ሰው ሁሉ ደግሞ «ይሄ ውሻ ሣር ላይ ብቻ ነው የሚሸናው! ከብዙ ሰው ይሻላል!» እያለ ይመሰክርለታል። እናቴ ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች፤ የወጡን ሥጋ ግን ወደ አባቴ በኩል ስትገፋ አይቻታለሁ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የምስክር ወረቀት ከተሰጠው በኋላ ነው ሰውዬው በእንቁጣጣሽ ዕለት ቄሱ ፊት ያንን የሠራው።

«አጋጣሚ ነው» አለ አባቴ። መስቀል መጣ። ቄጠማው ተነጠፈ፣ ዘመድ ተሰበሰበ፤ ሰውዬው ገባና ሸና። ገና መጣ። ቄጠማው ተነጠፈ፣ ዶሮው ቀረበ፤ ገባና ሸና። በመሀሉ ያሉትን የአዘቦት ቀናት ሁሉ እንደ መነኩሴ በጨዋነት ያሳልፋል። ጠብታ አይገኝበትም። ዓመት በዓል ሲሆን ግን አለቀ፣ ይመጣል። እናንተ ገና ድሮ ገብቷችሁ ይሆናል። እኛ ግን አልገባንም። ወላሂ፣ አራት ሰው ተሰብስቦ አልገባውም!

እናቴ የራሷ ምርመራ ነበራት። «ርኩስ መንፈስ ነው። በአዘቦት ቀን ዝም፣ በበዓል ቀን ሽንት! ሰይጣን ካልሆነ የቀን መቁጠሪያ ማን አስተማረው?» ብላ ጸበል አምጥታ ረጨችው። ሰውዬው ደስ ብሎት ላሳት። እህቴ «እንግዳ አይወድም፣ ይቀናል» አለች። አባቴ እንስሳት ሐኪም ጋ ወሰደው፤ ሐኪሙ ሆዱን ዳብሶ፣ ጥርሱን አይቶ፣ በሽታ እንደሌለው ተናገረና «ምናልባት ግርግር ያስጨንቀው ይሆናል» አለ። እሺ፣ ግርግር ነው ብለን ተቀበልን። ታዲያ የአባቴ የድሮ የሥራ ባልደረቦች በአንድ የአዘቦት ቀን ሰብሰብ ብለው ሊጠይቁት ሲመጡ፣ ሲስቁ ሲጯጯሁ ሲያመሹ፣ ሰውዬው መሀላቸው ተኝቶ አንኮራፋ። «የቢሮ ሰው ያከብራል» ብሎ አባቴ ኮራበት።

ያልሞከርነው ነገር የለም። እናቴ ቡፌው ሥር ሚጥሚጣ በተነች፤ እኛ ስናስነጥስ ከረምን፣ እሱ ሌላ ጥግ መረጠ። በበረኪና ወለሉን አሸች፤ ሶፋው ላይ ተቀምጠን ዓይናችን አነባ። እናቴና እህቴ አፍንጫውን ቦታው ላይ አስነክተው ገሠጹት፤ አባቴ ተቆጥቶ ምሳውን ሳይበላ ተነሣ። ይህ ሁሉ ሲሆን ቄጠማው ከእግራችን ሥር ለምለም ብሎ ተኝቷል።

ምን መሰላችሁ፣ ለእኛ ሣር ማለት በግ የሚግጠው፣ ሜዳ ላይ የሚበቅለው ነው። ቄጠማ ቄጠማ ነው። ቄጠማ በረከት ነው፣ የደስታ ምልክት ነው፣ ከገበያ በሸክም መጥቶ ቤት የሚያደምቅ የበዓል ዕቃ ነው። እንደ ዶሮው፣ እንደ ዳቦው። አንድም ቀን «ሣር አንጥፈናል» ብለን አስበን አናውቅም። አባቴ ቄጠማው ላይ ቆሞ፣ ሽንቱን እያየ፣ «ሣር ላይ ብቻ እኮ ነበር የሚሸናው! ምን ነካው?» ብሎ ሲተክዝ ትዝ ይለኛል።

እንዲህ እያልን የእህቴ ጉዳይ ላይ ደረስን። በምትሠራበት ቦታ የተዋወቀችው ልጅ ሽማግሌ ሊልክ ነው ተባለ። ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። መጋረጃ ታጠበ፣ ብርጭቆ ተቆጠረ፣ እናቴ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተቆጣች፣ ሁለት ጊዜ አለቀሰች። ሽማግሎቹ በሚመጡበት እሁድ ሰውዬው ከኋላ፣ ሲሚንቶው ላይ ታሰረ። ቄጠማው ከደጃፉ ጀምሮ እስከ ጓዳው ድረስ ወፍራም ተደርጎ ተነጠፈ።

ሽማግሎቹ ገቡ። እንደ ወጉ አልተቀመጡም፤ ቆመው የመጡበትን ሊናገሩ ነው። መሪያቸው ረጅም፣ ነጭ ጋቢ የደረቡ፣ ከዘራ የያዙ፣ ድምፃቸው የሚያስፈራ አዛውንት ናቸው። «እግዚአብሔር ይስጥልን፤ የመጣንበት ጉዳይ» ብለው ሲጀምሩ ከኋላ ለቅሶው ተነሣ። እየዬ! አንዱ ሽማግሌ አማተቡ። አባቴ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። አንድ ጊዜ ሳለ። ሁለተኛ ሳለ። ከዚያም የልጁን ጋብቻ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎችን «ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ» ብሎ አቁሞ ወጣ። እናቴ ዓይኗ ፈጠጠ። እኔ ተከትዬው ብወጣ ሲሚንቶው ላይ በሱፉ ተቀምጦ የሰውዬውን ራስ ያሻል።

«አባዬ! ሰዎቹ ቆመዋል እኮ!»

«እንዲህ እያለቀሰ እንዴት ልስማቸው? አይሰማኝም።»

በመጨረሻ ሽማግሌው ራሳቸው ከሳሎን «ኧረ ፍቱትና ይግባ፤ እንስሳ ነው፣ እኛ አንፈራም» ብለው ጮኹ። ይህን ባይሉ ምን ነበረበት? ሰውዬው ተፈታ፣ ጅራቱን እየቆላ ገባ፣ ለምለሙን አየ። በሽማግሌው ከዘራ ዙሪያ አንድ ዙር ዞረ። እናቴ «ኡ» አለች። ቀጥሎ የሆነውን አልነግራችሁም፤ ሽማግሌው ከዘራቸውን ከፍ አድርገው ያዙት ማለት ይበቃል። ጉዳያቸውን በአጭሩ ተናገሩ፣ መልስ የሚሰጥበትን ቀጠሮ ተቀበሉ፣ ወጡ። እህቴ ክፍሏን ዘግታ ትራሷን ነክሳ ታለቅሳለች። እኔም አለቀስኩ፤ በእርግጥ የእኔ ከሳቅ ብዛት ነበር።

እናቴ ግን አልሳቀችም። አባቴ ፊት ቆመች። «ይሄ ውሻ ይሄዳል። ሽማግሎቹ ከመመለሳቸው በፊት ይሄዳል። ሳሊተ ምሕረት ያለው ባለወፍጮ ለጥበቃ እፈልጋለሁ ብሏል፤ ይወስደዋል። የልጄን ትዳር በውሻ ሽንት አላስበላም።»

ይሟገታል ብዬ ጠብቄ ነበር። «እሺ» አለ። በቃ፣ እሺ። ያቺ እሺ ናት ያስፈራችኝ። ሰውዬውን ለተወሰኑ ቀናት ወደ ሜዳው ወሰደው፤ የቀጠሮው ቀን ሲቃረብ ግን እየዘገየ መጣ፣ ክራቫቱን ተወ፣ በኋላም ገመዱን እኔ እጅ ላይ አስቀመጠ።

የቀጠሮው ጠዋት ደረሰ። ቅዳሜ ነው። ባለወፍጮው ረፈድ ሲል መጥቶ ሰውዬውን ይወስዳል፣ ሽማግሎቹ ከቀትር በኋላ ይመጣሉ፤ የእናቴ ዕቅድ ይኸው ነው። አባቴ ከአልጋው ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፒጃማውን እንደለበሰ። ሬዲዮው ተከፈተ። እናቴ መጥረጊያዋን ይዛ መጣች። «እግርህን አንሳ።» አነሳ። ጠረገች። «አውርድ» ማለት ግን አቃታት። እግሩን አንስቶ ቀረ። እሷም ፊቱን እያየች ቆመች። እኔ ከኮሪደሩ ሆኜ አየኋቸው።

በዚሁ መሀል ቄጠማ ሻጯ መጥታ ሁለት ትልልቅ እስሮች ግቢው ውስጥ፣ ሲሚንቶው ላይ ጣል አድርጋ ሄደች። ሰውዬው የታሰረው እዚያው አጠገብ ነው። ጠዋት ማንም ወደ ሜዳ አልወሰደውም፤ በሥራ ብዛት እኔም ረስቼዋለሁ። እናቴ ቄጠማውን ልታስገባ ወጣች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ሰውዬው ገመዱን እስከ መጨረሻው ወጥሮ ወደ እስሮቹ ይጎትታል። ግንቡን አለፈ፣ የአበባ ጣሳዎቹን አለፈ፣ የውኃ ቧንቧውን አለፈ። የአንደኛዋን እስር ጫፍ ደረሰባት። አንድ እግሩን ቄጠማው ላይ ሲያሳርፍ ተነፈሰ፤ ዓይኑን ጨፈን አደረገ።

እናቴ አልጮኸችም። መጥረጊያዋን እንደያዘች ቆማ አየችው። ከዚያ ዞር አለችና በቀስታ «ነይ እስቲ» አለችኝ። «ፈረንጇ ያኔ ምን ነበር ያለችው?»

«ሽንት ሣር ላይ ብቻ።»

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቄጠማ።»

«አዎ፣ ቄጠማ» አለች። ጎንበስ ብላ ከታችኛው እስር አንድ እፍኝ መዘዘች፣ ግቢው ሌላ ጥግ ወስዳ በተነችው፣ ሰውዬውን ፈታችው። ሄዶ አሸተተ፣ ዞረ፣ እግሩን አነሣ። ሳቋ ከየት እንደመጣ እንጃ! ሲሚንቶው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተንፈቀፈቀች። «አይ እኔ! አይ የእኔ ነገር! በገዛ እጄ ሽንት ቤቱን ሳነጥፍለት ከርሜ፣ ለምን ሸናህ ብዬ ላባርረው!» እኔም አጠገቧ ወደቅኩ። ጸበል የተረጨው፣ ሚጥሚጣ የተበተነው፣ ሐኪም የዳበሰው፣ ያ ምስኪን ፍጡር የተማረውን በታማኝነት እየፈጸመ!

ሳቋን ጨርሳ ዓይኗን ጠረገች። ቀና ስትል በመስኮቱ በኩል አባቴ ታያት። ተነሣች። ገብታ ቁም ሳጥኑን ከፈተች፣ ሱፉን አውጥታ አልጋው ላይ ዘረጋች፣ ክራቫቱን ይዛ መጣች። «ተነሥ። ውሻው ጠዋት አልወጣም።»

«ሊወሰድ አይደል?»

«አይወሰድም አልኩህ፣ ተነሥ!»

ባለወፍጮው ሲመጣ በሩ ላይ ተቀበለችው፤ ምሳ አብልታ፣ ይቅርታ ብላ፣ ባዶ እጁን ሸኘችው። እኔ ቄጠማውን ላነጥፍ ስል ደግሞ ያዘችኝ። «ተይው። ወለሉን አጥበሽ ወልውይው። በቃ።»

«እማዬ! ያለ ቄጠማ? ለሽማግሌ? ለቅሶ ቤት ያስመስለዋል እኮ!» አልኳት። እህቴም ከክፍሏ ወጥታ ወገቧን ያዘች። «ለዛሬ እንሰረው!»

«ታስሮ ሲጮህ አባትሽ እዚህ ቁጭ ብሎ ቃል የሚሰጥ ይመስልሻል? ባለፈው አላየሽውም? ተይኝ ልጄ። የፈለጉትን ይበሉ።»

ከቀትር በኋላ ሽማግሎቹ መጡ። ያ ረጅሙ አዛውንት ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ወለሉን አዩ። ሰም ተቀብቶ ያብረቀርቃል፤ አንዲት ዘለላ አረንጓዴ የለችበትም። ከኋላቸው ያሉትም ተንጠራርተው አዩ። እህቴ ከመጋረጃው ኋላ ጥፍሯን ትበላለች። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

«ምነው፣ በሰላም ነው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሐዘን አለ እንዴ? ካለ ነውር የለውም፣ ሌላ ቀን እንመለሳለን።»

«ሐዘንስ የለም አባቴ፤ ይግቡ» አለች እናቴ። ከዚያ ቀጥታ ነገረቻቸው። እናቴ በቤቷ ጉዳይ ላይ ለባዕድ አንድ ቃል የማትተነፍስ ሴት ናት። «ያ ባለፈው ያዋረደን ውሻ ሣር ላይ ብቻ እንዲሸና ሆኖ ያደገ ነው። ቄጠማ ሣር መሆኑን እሱ ያውቃል፣ ያላወቅነው እኛ ነን። ለወፍጮ ቤት ሰጥቼውም ነበር። ግን ይሄ ሰው» አለች፣ ወደ አባቴ ሳትዞር በአገጯ እያሳየች፣ «ከሥራ ከተሰናበተ ወዲህ ከቤት የሚያወጣው እሱ ብቻ ነው። ያለ ቄጠማ እኖራለሁ። ባሌ መስኮት ሥር ሲደርቅ እያየሁ ግን አልኖርም።»

አባቴ ከሜዳው ገና መመለሱ ነው፤ ሱፍ ለብሶ፣ ጫማው ላይ አቧራ እንዳለ፣ ቆሞ ያያታል። አንድም ጊዜ እንዲህ ሲያያት አላየሁትም። ሽማግሌው በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሳቃቸው ቤቱን ሞላው። «እኔ ደግሞ እኮ ባለፈው ለእኔ የተላከ መልስ መስሎኝ! ከዘራዬን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ሲፈራ ነው የሰነበትኩት!» ብለው ባዶው ወለል ላይ ገቡ። «እንዲህ ካለ ቤት ልጅ ካልወሰድን ከየት እንወስዳለን!»

አባቴ መልስ እንዲሰጥ ተራው ሲደርስ የተዘጋጀበት ረጅም ንግግር ነበረው፤ ከመስተዋት ፊት ሲለማመደው ሰምቼዋለሁ። ጉሮሮውን ጠረገ። አንዷም አልመጣችለትም። «ልጄን ሰጥቻችኋለሁ፤ ይባረኩ» አለ። ደግሞም ጨመረ፣ «ውሻውን ግን እንዳትጠይቁኝ።» እልልታው የተነሣው ከሳቁ ጋር ነው። ሰውዬው ሰተት ብሎ ገባ፣ ወለሉን አሸተተ፣ ምንም አጣበት፣ አባቴ እግር ሥር ተኛ። እናቴ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ «የውሻውን እግር ጥረጊለት፣ ወለሉን አበላሸው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን በበዓል ቀን ባዶ ወለል ያለው ቤት ሆነ። እናቴ ቄጠማውን መግዛቷን አልተወችም፤ ግቢው ጥግ፣ ግንቡ ሥር ታነጥፈዋለች። «የሰውዬው ድርሻ» ትለዋለች። እንግዳ ሲጠይቃት የሽማግሎቹን ታሪክ ትተርካለች፣ በየዓመቱም ትንሽ ትጨምርበታለች።

ሰውዬው አርጅቶ የሞተው እህቴ ሁለተኛ ልጇን በወለደችበት ክረምት ነው። በመጣው እንቁጣጣሽ እናቴ ከስንት ዓመት በኋላ ሳሎኑ ላይ ቄጠማ አነጠፈች። አረንጓዴ ሆነ፣ ያምራል፣ ሽታው ደስ ይላል። አባቴ ከመኝታ ቤቱ ወጣ፣ ዳሩ ላይ ቆሞ አየው። ሳይረግጠው በግድግዳው ጥግ ጥግ ዞሮ መስኮቱ ጋ ደረሰና ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። ፒጃማ ነው የለበሰው። እናቴ አይታዋለች።

በማግስቱ፣ የግድግዳው ሰዓት ድሮ ወደ ቢሮ የሚወጣበት ላይ ሲደርስ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ፊቱ ቆመች። ጫማ አድርጋለች። ክራቫቱ እጇ ላይ ነው።

«ተነሥ።»

«ወዴት?»

«ወደ ሜዳው።»

«በሥራ ሰዓት?» አላት። «ሰው ምን ይላል?»

«ሚስቱን ይዞ ወጣ ይላል።»

አንገቱን ዘርግቶ ሰጣት፤ አሰረችለት። ሱፉን ለብሶ ወጡ። መስኮቱን ከፍቼ ቆምኩ። እሱ እንደለመደው በሰፊው እየተራመደ፣ ግራ እጁን ገመድ እንደያዘ ሰው ወደ ፊት ዘርግቶ ከበሩ ሲወጣ፣ የእናቴ ድምፅ ከኋላው ተሰማኝ።

«ቀስ በል እንጂ፣ አንተ ሰውዬ! እኔ እንደ እሱ አልሮጥም።»